ሁለት የቀኝ በሬ

ሰኞ፣ ሰኔ 9
ማኅተሙ አለበት። ሦስቴ አየሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ላሊበላ ፍርድ ቤት ተመላልሼ ዛሬ የፍቺውን ግልባጭ ሰጡኝ። «አልፈታም፣ መሬቱም የኔ ነው» ሲል የከረመው ባሌ (ባሌ ብዬ ልጻፍ?) በሩ ላይ ዓይኔን ሳያይ አለፈ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ቁልቁለቱን ብቻዬን ወረድሁ፤ የምነግረው ሰው አጣሁ።
የቀረኝ፦ ወረቀቱን ለገበሬ ማኅበሩ ማሳየት። መሬቴን በስሜ ማስመዝገብ። በሬ መካፈል። ኮን ከተማ ላለችው እህቴ መልእክት መላክ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10
ሊቀመንበሩ አውራ ጣቴን የምነክርበት ቀለም አቀረበልኝ። እስክሪብቶ ጠየቅሁና በመሠረተ ትምህርት እንደተማርሁት ስሜን ጻፍሁ። ቀለሙን መልሶ ከደነው። ይቺን ይቺንስ ወደድኋት።
ከዚያ «እቱ፣ ሐምሌ እስኪገባ ካልተዘራ ግን ጦም ያደረ መሬት ለሌላ ነው የምንሰጠው» አለኝ። ሃያ ቀን ነው የቀረኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11
ሽማግሌዎቹ ሁለቱን በሬ አቁመው «አንቺ ምረጪ» አሉኝ። ዳልቻን አልሁ። ለምን? ባሌ የነበረው ሰው የሚወደው ዳልቻን ነዋ። ፊቱ ሲጠቁር ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቡሬ ለሱ ደረሰ።
ጎረቤቴ አያ ደምሴም ባለ አንድ በሬ ናቸው። እናቀናጃለን፣ እሳቸው ያርሱልኛል። አለቀ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12
ሚካኤል። ቤተ ክርስቲያን ሁሉም ሰላም አለኝ፣ ከጎኔ የተቀመጠ ግን የለም። ፈት ነኝ እንግዲህ። ቤት ገብቼ ሽሮውን ለሁለት ሰው ሠራሁት። እጄ ገና ፍርዱን አልሰማም። ቤቱ ሰፋብኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13
አያ ደምሴ ቀንበሩን እንደያዙ ቆሙ።
«ልጄ፣ ዳልቻ በየት በኩል ነው የሚጠመደው?»
«በቀኝ።»
«የኔም የቀኝ ነው እኮ።»
ሞከርነው። ዳልቻ በግራ ሲያስገቡት ቀንበሩን ጥሎ ተኛ። በስንት ልመና ተነሣ፣ ደግሞ ተኛ። የገበሬ ልጅ ሆኜ፣ በሬ ከለመደው ጎን ሌላ እንደማይጠመድ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ረሳሁት! የግራው ቡሬ ነበር። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚሉት እኔን ነው። እማሳው ዳር ተቀምጬ አለቀስሁ፤ አያ ደምሴ ወደ ሌላ እያዩ ጠበቁኝ።
ሲመሽ አንድ ነገር ተናገሩ። «ያም ሰው እኮ ያላንቺ በሬ አያርስም። ልጠይቀው?» አትጠይቁት አላልኋቸውም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14
እሺ ብሏል። አንድ ቀን ለኔ፣ አንድ ቀን ለሱ። ከሱ ለመላቀቅ ሁለት ዓመት ተሟገትሁ፣ ይኸው በሬ ልንዋዋስ ነው።
«እሱ ደጄ እንዳይደርስ» አልኋቸው።
«አይደርስም። የምነዳው እኔ ነኝ።»
ሌላ ምን አለ ብዬ ጠየቅሁ። ምንም አላለም።

ሰኞ፣ ሰኔ 16
ቡሬና ዳልቻ ቀንበሩ ሲቀርብ ማንም ሳይነግራቸው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። አያ ደምሴ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ገብሱን በእጄ ዘራሁት። ከቀትር በኋላ ዘነበ። መሬቴን ከእንግዲህ ለማንም አይሰጡትም።
ነገ ተራው የሱ ስለሆነ አያ ደምሴ ሁለቱንም አብረው ወደሱ ቤት ነዷቸው። ዳልቻ የለመደውን መንገድ ይዞ ዞር ሳይል ሄደ። እኔ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።