ታደሰ የላከው ወይን ጠጅ

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ከፈቱት። አይሆንም አልኩ፣ ለመንኩ፣ ማንም አልሰማኝም። አባዬ መክፈቻ ስላልነበረው ቡሹን በሐዲድ ብሎን ወደ ውስጥ ገፍቶ ከፈተው።

ትናንት የባቡሩ ተቆጣጣሪ ጋሼ ማሞ ከድሬዳዋ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ይዞልኝ መጣ። የላከው ታደሰ ነው። የእኔ ታደሰ። ከመስቀል በፊት ወደ ድሬዳዋ ተዛውሮ እዚያ በባቡር ነጂ ረዳትነት ይሠራል። ጠርሙሶቹን ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሰጥቶት ነው። በሥራ ካፖርቱ ጠቅልሎ ላካቸው። ጋሼ ማሞ "ለሠርጋችን ነው በላት ብሎኛል" አለኝና ባቡሩ ሲያፏጭ እየሮጠ ሄደ።

ሠርግ! ሽማግሌ ያልላከ ሰው ስለ ሠርግ ያወራል። ይህ የአባዬ ቃል ነው። እውነቱን ለመናገር በልቤ እኔም ብዬዋለሁ።

እሁድ ደግሞ የፋብሪካችን የፈትል ክፍል ካቦ ሽማግሌ ይልካል። ቆርቆሮ ቤት አለው፣ አይሰክርም፣ አይሳደብም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ፈትሌ ሲበጠስ ከኋላዬ መጥቶ ምንም ሳይል ይቀጥልልኛል።

በእኛ ቤት ወግ ልጅ የሚጠይቅ ሰው የላከው መጠጥ ይቀመሳል። ጠጁ ከሆመጠጠ ያ ቤት ቸልተኛ ነው፣ ከቀጠነ ቆንቋና ነው ይባላል። አባዬ ራሱ እማዬን ያገኘው በአክስቱ ጠጅ ነው። ስለዚህ እትዬ ደስታን ከሳሪስ አስጠራቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ ናቸው፤ በመጠጥ ነገር ቃላቸው አይታለፍም።

መጠጡን ያመጣ ሰው በመዳፉ ቀድሞ ይቀምሳል። ታደሰ የለም፤ በእሱ ፋንታ እኔ ቀመስኩ። አፌ ተጨማደደ። ፊቴን እንዳልቀይር ታገልኩ። እማዬ ግን አየችኝ።

እትዬ ደስታ አንድ ጉንጭ ወሰዱ። "ውይ! ጌሾው በዝቶበታል" አሉ። ቆይተው ደግሞ "ምላስ ይይዛል። ማር የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈ።"

የአባዬ ባሰ። "ቀለም ነው" አለ። "ይህን የላከ ሰው ነገ ልጄን ምን ሊያጠጣት ነው?"

ረቡዕ፣ ጥር 14

ጠዋት አባዬን እግሩ ሥር ወድቄ ለመንኩት። የፈረንጅ መጠጥ ነው፣ የፈረንጅ መጠጥ የሚያውቅ ሰው ይቅመሰው አልኩት። የጣቢያችን ሹም አቶ ፍቅሬ ጅቡቲ ከፈረንሳዮች ጋር ብዙ ዘመን ኖረዋል። ከሥራ ሲወጡ በእኛ በኩል አለፉ።

መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ወረቀት አነበቡ። "የቦርዶ ነው። አብዛኛው መርሎ ከሚባል የወይን ፍሬ የተሠራ" አሉ። ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን ዘንበል አደረጉት፣ አሽከረከሩት፣ አፍንጫቸውን ከተቱበት። ከዚያ ተጉመጠመጡና ደጅ ወጥተው ተፉት!

የአባዬን ፊት ያየ ሰው! በቤቱ የቀረበ መጠጥ ሲተፋ አይቶ አያውቅም። አቶ ፍቅሬ "አይቀየሙኝ አቶ ወልዴ፣ ሲመረመር እንዲህ ነው" ብለው ሁለተኛውን ጉንጭ ዋጡለት። ለአባዬ ሲሉ ነው።

ያሉትን እንዳልረሳው ልጻፈው። የጠቆረ ፕሪም ይሸታል። እንጆሪም አለበት። አዲስ የተላገ እንጨት፣ እሱ ከበርሜሉ ነው። ከኋላ ትንሽ ቆዳ። ጣፋጭ አይደለም፣ እንዲጣፍጥም አልተሠራም። ምላስ የሚይዘው ነገር ከፍሬው ልጣጭና ዘር የመጣ ነው፤ ጌሾ አይደለም። ጉድለትም አይደለም፣ ዕድሜ የሚሰጠው እሱ ነው።

"ገና ልጅ ነው" አሉ። "ጉልበተኛ ልጅ። ስምንት ዓመት፣ አሥር ዓመት ቢተኛ ይለሰልስና ሌላ ነገር ይሆናል። አሁን መክፈት ግፍ ነው።" ሁለተኛውን ጠርሙስ አጋድማችሁ አስቀምጡት፣ ባቡር ሲያልፍ እንዳይናወጥ ብለው ሄዱ። ቤታችን ከሐዲዱ ሥር ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር ዕቃው ሁሉ ይንጫጫል።

ደስ አለኝ፤ ግን ለአፍታ ነው። አባዬ ከዚያ ሁሉ የሰማው አሥር ዓመት የሚለውን ብቻ ነው። "እንግዲህ አሥር ዓመት ጠብቁኝ ማለቱ ነዋ!" አለ። "ልጄ ጠርሙስ አይደለችም።"

 እማዬ የተረፈውን ለኮምጣጤ ይሆናል ብላ አፈ ሰፊ ማሰሮ ውስጥ ገለበጠችው።

ሐሙስ፣ ጥር 15

የናፈቀኝ፦ ሳቁ። ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያራግፍ። አስቴርዬ ማለቱ (ሌላ ሰው እንዲህ አይለኝም)። ከእኔ ጋር ሲሄድ ባቡር ጠብቆ የኖረ ሰው እንዳልሆነ ሁሉ ቀስ ማለቱ።

ካፖርቱን ለብሼ ነው የምተኛው። አቶ ፍቅሬ ስለ ወይኑ የተናገሩትን ያህል እኔም ስለዚህ ካፖርት መናገር እችላለሁ። መጀመሪያ ግራሶ ይሸታል። ከዚያ ጭስ። ከዚያ ብዙ ሲቆዩበት፣ አንገቱ ጋ፣ እሱ ራሱ። ይሄ የመጨረሻው በየቀኑ እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ብዙ አላሸተውም፤ እቆጥበዋለሁ።

በምሳ ሰዓት የዕቃ ባቡር አለፈ። አቃቂ አይቆምም። ወደ ፋብሪካው አጥር ሮጥኩ። ነጂውም ረዳቱም ሌሎች ሰዎች ናቸው። ስመለስ ካቦው በር ላይ ቆሟል፤ ማንን ለማየት እንደሮጥኩ ገብቶታል። ከሰዓት በኋላ ፈትሌ ሁለቴ ተበጠሰ። አልመጣም።

ሲመሻሽ አባዬ ሐዲድ ሲጠግን ውሎ ደክሞት ገባ። የእማዬ ጠላ መስሎት ከዚያ ማሰሮ በጣሳ ቀድቶ ቆሞ ጠጣ። ቆም አለ። ጣሳው ውስጥ አየ። ደግሞ ቀዳ፣ አሁን ቁጭ ብሎ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ያ ቀለምህ ነው" አለችው እማዬ።

ዓርብ፣ ጥር 16

አባዬ እትዬ ደስታን እንደገና አስጠራቸው። የምን እንደሆነ ሳይነግር በብርሌ አቀረበላቸው። ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ደገሙ።

"ማን ጣለው? እጁ መልካም ነው።"

የማክሰኞው ነው ሲላቸው አላመኑም። ማሰሮውን ራሳቸው ከፍተው አሸተቱ። "ለካ መተንፈስ ነው የቸገረው" አሉ። "ያ የተቋጠረው ተፈታ። ፕሪሙ አሁን መጣ። ምላስ አሁንም ይይዛል፤ ግን ሰው እጅ እንደሚይዘው ነው።"

ለእኚህ ሴት ዕድሜ ይስጥልኝ!

አባዬ ግን ስለ እሁድ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ራት በላ፣ ዳዊቱን ደገመ፣ ተኛ። እማዬን በዓይኔ ጠየቅኋት፤ ትከሻዋን ሰበቀች። 

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ጣቢያ ሄድኩ። ጋሼ ማሞ ከፉርጎው ሲወርድ ፊቱን አይቼ ደህና ወሬ እንዳልያዘ አወቅኩ።

ታደሰ ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ነው የሰጡት። አባቱንና የንስሐ አባቱን ይዞ ያኔ ይመጣል።

ከፋሲካ በኋላ! ጥር ሊያልቅ ነው፣ ጾሙ ይገባል፣ በጾም ሠርግ የለ። ስንቷ ጓደኛዬ በዚህ ጥር ተዳረች። እኔ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ባቡር አያለሁ።

ልሄድ ስል ጋሼ ማሞ ግንባሩን መታ። "ለካ ያን ቀን አንድ ነገር ረስቻለሁ! 'እኔ ሳልመጣ እንዳይከፍቱት፣ ገና አልደረሰም' ብሎኝ ነበር። አልከፈታችሁትም አይደል?"

ሰው በሞላበት ጣቢያ ሳቄ አመለጠኝ። ሳልጨርሰው እንባ ሆነ። ያውቅ ነበር። የላከልን የሚጠበቅ ነገር መሆኑን እያወቀ ነው የላከው።

ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። ከፋሲካ በኋላ የሚለውን ልደብቀው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። "ከፋሲካ በኋላ" አለ እሱም። ወጥቶ እግሩን ታጠበ። ሲታጠብ ብዙ ቆየ።

እሁድ፣ ጥር 18

መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ። ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። በጣም ጥሩ አድርገው ተናገሩ፤ ስለ ካቦው ያሉት ሁሉ እውነት ነው። እማዬ እጄን ይዛኝ ነበር። 

አባዬ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው። ከዚያ "ቤቴን አክብራችሁ መጣችሁ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ነገር ግን ሌላ ሰው ቀድሟችኋል" አለ።

"ሽማግሌዎቹ መቼ መጡ?" አሉ አንደኛው።

"ገና ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ።"

"ባይመጡስ አቶ ወልዴ?"

"ባይመጡ የማፍረው እኔ ነኝ።"

ጓዳ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ነገ ካቦውን ምን ብዬ እንደማየው አላውቅም። ደግ ሰው ነው። ያሳዝነኛል።

ሲሄዱ አባዬ ሁለተኛውን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አውርዶ አልጋው ሥር አጋደመው። የከሰዓቱ ባቡር ሲያልፍ ጠርሙሱ እየተንከባለለ ወጣ። አባዬ እያጉረመረመ ወደ እኔ አልጋ መጣና ካፖርቱን አነሳው።

"አባዬ፣ እሱን እኮ..."

"ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠቅለልበት" አለኝ። ተንበርክኮ ጠርሙሱን ጠቀለለ፣ በእጅጌዎቹ ዙሪያውን አስሮ አልጋው ሥር መለሰው። "ከተናወጠ ይበላሻል ተብሏል።"

ምን ልበለው? ስለ እኔ ነገ ሊያፍር የተዘጋጀ ሰው ካፖርት ሲወስድ አይከለከልም። ታደሰ ይመጣል። ይመጣል ብዬ ጻፍኩት። ግን ዛሬ ጥር ነው፣ የአቃቂ ብርድ አጥንት ይገባል፣ ጠርሙሱ በታደሰ ካፖርት ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ እኔ በርዶኛል።