ያልተሰማው ቁጥር

ሚዛን ተፈሪ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሳባ፣

እንደምን ከርመሻል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? ያ አፍ የሚያቃጥል የሕንዶች ወጥ ለመደሽ ወይስ አሁንም በሙዝ ነው የምትውዪው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለጊዜው እንደ ሰላምታ ብቻ ያዢልኝ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አስቀድሜ የአገሩን ወሬ ልንገርሽ። ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ይዞ ነበር። ዝናቡ ግን በኅዳር ይወጣል ሲባል እምቢ ብሎ፣ የተሰጣውን ሁሉ እያራሰ ሰዉን ሲያማርር ከረመ። የቴፒን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ ባየ ከቡና እርሻው ፈቃድ ወስዶ በመጣ ቁጥር ከጭቃ ጋር ሲታገል ውሎ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳይሆን ገበሬ ነው የሚመስለው። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልኝ ዙሌይካ ናት። ኮረሪማዋን ጭና አዲስ አበባ ስለምትሄድ ከዚያ በፖስታ ትልክልኛለች።

በስልክ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር። «ሄሎ እማዬ» ስትዪኝ ግን ስለ ኮረሪማ ዋጋ ቀባጥሬ እሰናበትሻለሁ። ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ አማርኛ ሳስተምር ስለኖርኩ እጄ ከአፌ ይሻላል።

ከየአገሩ በሬዲዮ እየተጠራራችሁ ተራ ቁጥር ከተለዋወጣችሁበት ውድድር ማግስት ደውለሽ የነገርሽኝን አልረሳሁትም። እየሳቅሽ ነበር። የዩኒቨርሲቲያችሁ ክበብ ሬዲዮ ላይ ተቀምጠሽ እኛን ስትፈልጊ እንደሰነበትሽ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚዛንን ክበብ እንዳገኘሽው፣ አልአዛር ድምፅሽን ለይቶ «ቆዪ፣ ጋሽ ይሄይስን ላገናኝሽ» እንዳለሽ አጫወትሽኝ። «አባዬ የማይክሮፎኑን መክፈቻ ሲጫነው ይሰማኛል እማዬ፣ ድምፁ ግን የለም። የሰጠኝን ተራ ቁጥር አልሰማሁትም። ከእኔ በፊት ለነበረው ጣሊያናዊ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ብላችሁ ስትሰጡት ሰምቼ ስለነበር፣ አንድ ጨምሬ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩት» አልሽኝ። ማይክሮፎኑን እንድናስጠግነውም መከርሽኝ። እኔም እሺ አልኩሽ።

ማይክሮፎኑ ደህና ነው ልጄ።

አባትሽ መናገር አይችልም። ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት፣ ክፍል ውስጥ ስለ ሞገድ እያስተማረ ሳለ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ፤ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል እሱም ወደቀ። ጅማ ወሰድነው። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙለትም፤ አንደበቱም ተያዘ። የምንለውን ሁሉ ይሰማል፣ ሰውም ይለያል። እሺ ሲል ዓይኑን ይከድናል፣ እምቢ ሲል ራሱን ይነቀንቃል። ቃል ግን አንድም አይወጣውም። ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል፣ ቴፒ ወርዷል፣ ፈተና ሊያርም ማጂ ሄዷል እያልኩ ስሸነግልሽ የከረምኩት ይህንን ነው። ስልኩን አንስቼ ስምሽን በጠራሁ ቁጥር ራሱን ይነቀንቅብኝ ነበር። ትምህርትሽን ጥለሽ እንዳትመጪ መሆኑ ይገባኛል። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

የክበቡ ልጆች አልተለዩትም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። አልአዛር ጠዋት ማታ እየመጣ ያገላብጠዋል። እናቱም ከደጃቸው የነቀሉትን ጎደሬ ቀቅለው ይልኩልናል። ባየ ደግሞ፣ አንደበት የረሳውን እጅ ያስታውስ ይሆናል ብሎ፣ ፊደል በነጥብና በሰረዝ የሚላክበትን የሞርስ መምቻ አምጥቶ በግራ እጁ በኩል አስቀመጠለት። በጣቱ ከዓለም ዳርቻ ጋር ሲጫወት የኖረው ሰውዬ አንድ ነጥብ መታ። ደግሞ ነጥብ። ደግሞ ነጥብ። ከዚያ በኋላ መምቻውን ገፋው። ባየ እጁን ልታጠብ ብሎ ወጥቶ ሳይመለስ ስለቆየ ብከተለው ጓሮ ቆሞ ሲያለቅስ አገኘሁት።

የኅዳሩ ውድድር ሲደርስ አልአዛር ዘንድሮ ይቅርብን አለ። አባትሽ ሰማና ራሱን ነቀነቀ። በግራ እጁ በሩን አሳየን። ምን ይደረጋል፣ ከነወንበሩ ተሸክመው ትምህርት ቤቱ ግቢ ወዳለችው የሬዲዮ ክፍል ወሰዱት፤ እኔም ጋቢውን ይዤ ተከተልኩ።

ያንን ሬዲዮ ጣውንቴ ስል እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። ክበቡ ፈቃድ ያገኘ ሰሞን፣ አንቺ ገና ስድስተኛ ክፍል ሳለሽ፣ እስቲ ምን እንዲህ ወሰደብኝ ብዬ አንድ ቀን አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለጠራው ሁሉ «አምስት ዘጠኝ» ይላል። ምን ማለት ነው ብለው፣ ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማኛል ማለት ነው አለኝ። ሰውዬው ግን ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚያቃስት ነው የሚመስለው። ውሸታም ነህ አልኩት። አባትሽ ሳቀና እንዲህ አለኝ፦ «የዓለምዬ፣ ውድድር ላይ ሁሉም ለሁሉም አምስት ዘጠኝ ነው የሚለው። እሱ ሰላምታ ነው። ቁም ነገሩ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ተራ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ሳትሰሚ ሰማሁ ካልሽ ሰውዬውን አላገኘሽውም።» ያን ጊዜ የወንዶች ጨዋታ ነው ብዬ አለፍኩት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ድምፅሽ መጣ። አልአዛር ሁላችንም እንድንሰማ የጆሮ ማዳመጫውን ነቀለው። ስምሽን አልተናገርሽም፤ የክበባችሁን መጠሪያ ብቻ ነው ያልሽው። ግን ክፍሉ ሁሉ አወቀሽ። አልአዛር ከደስታው ብዛት አላሰበበትም፣ ማይክሮፎኑን አባትሽ ጉልበት ላይ አኖረለት። አትቀየሚው፤ ክብር የሰጠው መስሎት ነው። አባትሽ በግራ እጁ ተጫነው። አፉ ተከፈተ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ለቀቀውና ደግሞ ተጫነው። ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ያኔ አንቺ «አባዬ፣ አምስት ዘጠኝ፣ ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብለሽ ሄድሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። አላወቀችም፣ ተረፍን አልኩ። ባየም ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብሎ የክበባችሁን መጠሪያ ተራው ላይ አስገባው።

ማክሰኞ ዕለት፣ የተገናኟቸውን ሁሉ ዝርዝር ለውድድሩ አዘጋጆች ከመላካቸው በፊት፣ አልአዛር እንደ ልማዱ ላፕቶፑን ይዞ ከባየ ጋር ቤት መጣ። አባትሽ መስመር በመስመር በጣቱ እየወረደ አየ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ፤ ራሱን ነቀነቀ። በስልክ ያልሽኝን ለአልአዛር ነግሬው ስለነበር አባትሽን ሊያግባባው ሞከረ። እሷም ይህንኑ ቁጥር ነው የጻፈችው፣ የሁለታችንም ይገጥማል፣ ማንም አይጥለውም አለው። አባትሽ ደግሞ ነቀነቀ።

«የሳባ እኮ ናት፣ ጋሼ» አለው ባየ።

ጣቱን ከመስመሩ ላይ አላነሳም። እስኪሰርዙት ጠበቀ። ሲሰረዝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጆቹ ላፕቶፑን ዘግተው ቀስ ብለው ወጡ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጀርባውን ይዤ ነበር፤ ሲያለቅስ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ያላላትን አንዲት ቁጥር አለ ተብሎ እንዲጻፍለት ያልፈቀደ ሰው ነው። እኔ ግን ከመስቀል ጀምሮ በስልክ ስናገርለት ከረምኩ። ሰላም ብሎሻል አልኩሽ፣ በርቺ ብሎሻል አልኩሽ፣ ደብዳቤ እጽፍላታለሁ ብሏል አልኩሽ። አንቺ ደግሞ ባልሰማሽው ላይ አንድ ጨምረሽ ጻፍሽ። አልወቅስሽም። ሩቅ ያለ ልጅ ሁሉ እንደዚያው ነው፤ ትናንት ደህና ከነበሩ ዛሬም ደህና ናቸው ብሎ አንድ ይጨምራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማ ነበር፤ የእኛ እስኪጠራ ብጠብቅ ግን ማን ይቆየኛል?

ይህን ስጽፍ እያየኝ ነው። መጀመሪያ ላይ ራሱን ነቀነቀ። እኔም፣ ያንተን ቁጥር አሰርዘሃል፣ እኔም የኔን ልሰርዝ አልኩት። አሁን የጻፍኩትን ከላይ እስከዚህ ድረስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ልላከው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ዓይኑን ከደነ።

እንግዲህ ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልመለስ። ደህና ነን ያልኩሽን አምስት ዘጠኝ ብለሽ ያዢው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ያለኝን በወረቀት ላይ አላሰፍረውም። ትምህርትሽን አቋርጪም አልልሽም፤ የደከምሽበትን አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ጽሑፍሽን ጨርሰሽ በሰኔ ነይ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ብቻ ለጥምቀት መንገዱ ይደርቃል። ክፍልሽን ኖራ አስቀብቼዋለሁ፤ ባየም አምፖሉን ቀይሮልሻል።

የሰው አገር ውኃ ይስማማሽ። የምታውቂውም የማታውቂውም ሰው ክፉ አያስብብሽ። መድኃኔ ዓለም ከፊት ከኋላሽ ሆኖ መንገድሽን ያሳጥረው። አልአዛር ያንን ቁጥር ለሌላ ሰው አልሰጠውም፣ ቦታው ባዶውን ነው የተላከው። በአባትሽ ሕግ እናንተ ሁለታችሁ ገና አልተገናኛችሁም።

እናትሽ
የዓለምዘርፍ