ዝለለው ያልከኝ ገጽ

ሞላሌ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ቄስ ፍቅረ ሥላሴ፣

በጸሎትህ አለን። እማዬ ጉልበቷን ብርዱ ይዟታል እንጂ ደህና ናት። ገብሱም ዘንድሮ ውርጭ ሳያገኘው ተሰብስቧል። ቄስ ስለሆንክ አንቱ ልልህ ይገባኝ ነበር፤ ግን በጀርባዬ አዝዬ ወንዝ ያሻገርኩትን ልጅ አንቱ ለማለት አፌ እሺ አላለኝም።

የላክህልኝን የጀርመኖቹን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ተርጉሜ ጨርሻለሁ። ፎቶው ደብዛዛ ነው፣ ጽሕፈቱም የድሮ ነው። እኔ ደግሞ ዓለም ከተማ ለጀርመን ውኃ ቆፋሪዎች ዘጠኝ ዓመት አስተርጓሚ ሆኜ የለቀምኩት ቋንቋ የቧንቧና የጉድጓድ እንጂ የቤተ ክርስቲያን አይደለም። ያም ሆኖ ተወጥቼዋለሁ። እዚያ ካናዳ ከእነሱ የገዛችሁት ሕንፃ ታሪክ ለአሥረኛ ዓመት በዓላችሁ መጽሔት እንዲሆን በንጹሕ ተገልብጦ ከዚህ ጋር አለ። ባጭሩ ግን እንዲህ ነው።

ሰዎቹ ከጀርመን በቀጥታ የመጡ አይደሉም። አያቶቻቸው ሩሲያ ገብተው ሲያርሱ ኖሩ፤ ልጆቹ ኑሮው አላስቆም አላስቀምጥ ሲላቸው ወደ ካናዳ ተሻገሩ። ሃያ ስድስት አባወራ ነበሩ። መጀመሪያ በአንዱ ሰው ጎተራ ውስጥ ይጸልዩ ነበር። በፈረንጅ 1912 ሕንፃውን ጀመሩ። አገሩ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ስለሆነ በድንጋይ ሠሩት፤ ድንጋዩንም ከየማሳቸው ለቀሙ። ለእያንዳንዱ ቤት አርባ ጋሪ ደረሰው። ጉድ እኮ ነው፣ የመንዝ ሰው ነው የሚመስሉት! ወንድና ሴት ለየብቻ ይቀመጣሉ፣ መሠዊያቸው ወደ ምሥራቅ ነው። በስብከት ላይ ያንቀላፋ ሰው ደግሞ ስሙ ይጻፋል። እኛ ጋ ይህ ቢኖር ለአባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደብተር አይበቃውም ነበር። ኋላ ልጆቻቸው ወደ እንግሊዝኛው አደሉ፣ ከተማ ገቡ። ቁልፉን ለእናንተ ያስረከቡት የቀሩት ሰባት አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው።

አሁን ወደ ገጽ አሥራ አራት ልምጣ። በስልክ ስነግርህ «የሰው ገመና ምን ያደርግልናል፣ ዝለለው» አልከኝ። አልዘለልኩትም።

ካታሪና የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ድርሻዋን አርባ ጋሪ ድንጋይ አመጣች። ከሽማግሌዎቹ አንዱን በሰው ፊት ስለዘለፈች ግን ድንጋይዋ ሕንፃው ላይ እንዳይገባ ተወሰነ። ጸሐፊያቸው እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አርባ ጋሪ አምጥታለች። አልተቀበልንም። ድንጋዩ ከበሩ ውጭ አለ።» በቃ ይኸው ነው። አላዘነላትም፣ አልተከራከረላትም። ግን የሆነውን ጻፈ። እኔ ይህን ሦስት ጊዜ መልሼ አነበብኩት።

ለምን መሰለህ? ፍቅሬ፣ አሁን የምነግርህን ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ልነግርህ ይገባኝ ነበር።

የኛዋ ማርያም በ2005 እንደ አዲስ ስትሠራ በየቤቱ ሠላሳ ድንጋይ ተመደበ። አንተ ያኔ ደብረ ብርሃን ነበርክ፤ የመጣኸው ለቅዳሴ ቤቱ ብቻ ነው። የአሠሪ ኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ወሰኔ፣ ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። አንድ እሑድ እማዬ ሰንበቴ ላይ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ «ወሰኔ፣ ድንበሬን ሁለት ትልም ገፍተሃል፤ መልስ!» አለችው። እውነቷን ነበር። እሱ ግን ይቅርታ ሳትጠይቅ ድንጋይዋ ግቢ አይገባም አለ። እሷ ይቅርታ ልትጠይቅ! ሠላሳውንም ከወንዙ በአህያ አጋዘች፣ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ከመረችው፣ ዞር ብላ ሳታይ ሄደች።

መዝገቡ ላይ ከስሟ ፊት ለፊት «አልሰጡም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወሰኔ እንዲያ በል አላለኝም፤ «አንተው እንደሚሆን አድርገው» ነው ያለኝ። የጀርመኖቹ የውኃ ፕሮጀክት ተዘግቶ ሥራ ፈትቼ ነበር፤ እሱ ደግሞ ወረዳ ሰው ነበረው። ፈራሁ። የወረዳውን ሥራም አገኘሁ፣ እስከ ዛሬ በዚያው እንጀራ ነው የምኖረው።

በቅዳሴ ቤቱ ዕለት የሰጡትን ሰዎች ስም ያነበብከው አንተ ነህ። እማዬ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ነበር። ከጎረቤታችን ከዳኜ ቀጥሎ የእሷ ስም መምጣት ነበረበት። ቀና ብለህ አየኸኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አንተም ቀጠልክ። ከሰዓት በኋላ «ለምንድን ነው ያልሰጠችው?» ብትለኝ «እልኸኛ ናት፣ ምን ታደርጋታለህ» አልኩህ። እሷንም ጠየቅሃት፤ «ተወው» ብቻ አለችህ። መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ግን የቄስን እናት ነገር ለቄሱ ማን አፍ አውጥቶ ይነግራል? አዲስ ካህን ነበርክና አፈርክባት። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ትደውላለህ፣ «እንደምን አሉ እናታችን፣ እግዚአብሔር ይባርክዎ» ትላታለህ፣ ለማታውቃት ሴት እንደምትለው። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ገጹን በተረጎምኩ ማግስት ወደ ቤት ወጣሁ። እማዬ ገብስ ታበጥር ነበር። ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ሰፌዱን እንኳ ሳታስቀምጥ «አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን። ጸሐፊው አንተ አይደለህ? ሌላ ማን ሊጽፈው ኖሯል?»

«ታዲያ ለፍቅሬ ለምን አልነገርሽውም?»

«ብነግረው አንተን ይተውሃል። አባታችሁ የለ፣ እናንተ ከተኳረፋችሁ እኔ ስሞት ማንና ማን ሊቀብረኝ ነው? እኔን ቢያኮርፈኝ ይሻላል አልኩ። ይህን ያህል ይቆያል ብዬ አላሰብኩም እንጂ።»

አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

ባለፈው እሑድ ሰንበቴ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። መዝገቡን አስወጥቼ የድሮውን ሰረዝኩና በሰው ፊት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ወይዘሮ ጠጄ ሠላሳ ድንጋይ አምጥተዋል። አልተቀበልናቸውም። ሐሰቱን የጻፍኩት እኔ አወቀ ነኝ።» አቶ ወሰኔ ጽዋውን ሳይቀምስ ወጣ። ይውጣ። ለነፍስ አባቴም ተናዝዤ ቀኖናዬን ተቀብያለሁ። የቀረኝ ያንተ ቁጣ ነው፤ እሱንም እቀበላለሁ። ብቻ ከእሷ ላይ አንሣው።

መጽሔቱን በተመለከተ፣ ገጽ አሥራ አራት ካልገባ ተርጓሚ ብላችሁ ስሜን አታስገቡ። ምእመናኑ ቅር ቢላቸው አስረዳቸው፣ ሰባኪ አይደለህ? ያቺ ሴት አርባ ጋሪ ድንጋይ አምጥታለች፤ በቤቷ የሚያስቀድሱ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ምንም አይጎዳቸውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማዬ እኔ ቤት ትውላለች። ደውል፤ ስልኩን የምታነሣው እሷ ናት። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ስቀመጥ «ይቅርታ ይጠይቅሽ ብዬ ልጻፍለት?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ይቅርታ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። «እኔ ያጣሁት ልጄን ነው።»

ወንድምህ
አወቀ