የአባባ መወጣጫ

ለውድ ወንድሜ ለያህያ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድምዓለም፣ እንደምን ከረምህ? የጅዳ ሙቀት በረድ አለላችሁ ወይ? ወገብህን አሞህ ነበር፣ ተሻለህ? ባለቤትህ ራጂያስ እንዴት ናት? የልጅህ የሰዓድ የፊት ጥርሱ ወልቋል ብለኸኝ ነበር፣ በቀለለት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ኢርፋን ሱቁን ይዞ ይውላል። ቡሬ ያሉት አክስታችን ሐዋም ጉልበታቸውን እያማረሩ አባባን ያስታምማሉ። አባባም ከግራ ጎናቸው በቀር ደህና ናቸው፤ አንደበታቸውማ ከበፊቱም ብሷል። ደህና ያልሆንሁት እኔ ነኝ፤ እሱም በሽታ ሆኖ ሳይሆን ንዴት ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ አይግረምህ። ለአባባ ስትደውል ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነው፣ ቤቱም ጎረቤት የሞላበት ነው። ለእኔ ስትደውል ደግሞ ሰላምታውን ሳንጨርስ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ስለዚህ በሆዴ ያለውን ሁሉ ጽፌ ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጠሁልህ። ረጋ ብለህ አንብበው፤ ከቁጣው ግማሹ ያንተ ነው።

የያዝሁትን ሥራ ታውቃለህ። አዲስ አበባ ያለው «ምቹ ደጅ» የሚባለው ድርጅት ስሙንና አሠራሩን ሰጥቶኝ ፍኖተ ሰላም ላይ ቅርንጫፍ ከፍቻለሁ። የአካል ጉዳት ላለባቸውና ጉልበት ለከዳቸው ሰዎች ቤታቸውን አመቻቻለሁ፤ በር አሰፋለሁ፣ በደረጃው ፋንታ ዊልቸር የሚወጣበት መወጣጫ እሠራለሁ፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ መደገፊያ ብረት እተክላለሁ። ፍራንቻይዝ ይሉታል። እኔ እንደገባኝ ትርጉሙ፣ እኔ እሠራለሁ፣ እነሱ ይደውላሉ ማለት ነው።

የሚልኩልኝ ብረት ሴራሚክ ለለበሰ ግድግዳ የተሠራ ነው። የእኛ ግድግዳ ጭቃና ጭድ መሆኑን ብነግራቸው ብነግራቸው አልገባቸው አለ። የመጀመሪያው ቤት ላይ ብሎኑን አጥብቀን፣ ባለቤቱ አዛውንት እስቲ ልሞክረው ብለው ሲይዙት ብረቱም ግድግዳውም አብረው መጡ። አናጺው እጅጉ ደርሶ ባይደግፋቸው ጉድ ሆኜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቋሚ እንጨት መሬት ውስጥ እየቀበርን ብረቱን በእሱ ላይ እናስራለን። ፎቶውን ስልክላቸው ከመመሪያው ውጭ ነው አሉኝ። ቤቱ ራሱ ከመመሪያችሁ ውጭ ነው አልኋቸው። እጅጉም ቢሆን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ እጁ ወርቅ ሆኖ ሳለ አንድ ቀን ሚካኤል ነው፣ ሌላ ቀን እመቤታችን ናት ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ለጁምዓ እዘጋለሁ፤ እንዲህ እያልን ሳምንቱ ያልቃል።

የከተማው ደንበኛም ቢሆን ልብ አውልቅ ነው። ለወይዘሮ እንቁ ያማረ መወጣጫ ሠራሁላቸው፣ ከቤት ወጥተው ገበያውን እንዲያዩ። ከወር በኋላ ብሄድ ጎረቤቱ ሁሉ በርበሬውን አስጥቶበታል። እሳቸው ዊልቸራቸው ላይ ሆነው ከላይ ዶሮ ይከለክላሉ። ኧረ ይህ ለእርስዎ መውጫ ነው ብላቸው፣ ታዲያ ፀሐዩ ደህና የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፣ ምን ላድርግ ልጄ አሉኝ። ተናድጄ መሳቅም አማረኝ።

ይህ ሁሉ ግን ከአባባ ጉዳይ ሲተያይ ምንም አይደለም። አባባ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ያን የደጃፉን ድንጋይ ደረጃ በራሳቸው ወርደው አያውቁም። ኢርፋን ያመጣላቸው ዊልቸር ጥግ ቆሞ አክስቴ ጋቢ ይሰቅሉበታል። ጁምዓ በደረሰ ቁጥር ባጃጅ ነጂው ዘሩ የሰፈሩን ጎረምሶች ይዞ ይመጣል፤ በወንበር ላይ ያስቀምጧቸውና ተሸክመው መስጊድ ደጃፍ ያደርሷቸዋል። ሙስሊሞቹ አጅር ነው ይላሉ፣ ዘሩ ደግሞ ጽድቅ ነው ይላል፤ መሸከሙን ግን ይሻሙበታል። መልካም ሰዎች ናቸው፣ አላህ ይስጣቸው። ግን አባታችን እኮ ፀሐይ ለመሞቅ እንኳ ጎረምሳ መጠበቅ አለባቸው!

በመስከረም ግንበኛ ይዤ፣ ድንጋይና ሲሚንቶ ጭኜ ቡሬ ሄድሁ። ዘሩ ሲያየኝ ፊቱ ጠቆረ። እኛ እያለን? አለ። ምን አጠፋን፣ ማን ከብዶናል አለሽ፣ አለ። ግንበኛውን በለሆሳስ አናግሮ ወደ ቤቱ ሸኘው። ለካ ለእነሱ መወጣጫ መሥራት ማለት፣ ሰለቻችሁን ብሎ ፊት ለፊት መናገር ነው። በገጠሩም የሚገጥመኝ ይኸው ነው፤ ቃሬዛ የሚሸከም ጎረቤት እያለ ሲሚንቶ መጥራት ሰው የለኝም ማለት ይመስላቸዋል። አባባም ከእነሱ ጋር ሆነው፣ ቤቴን ሆስፒታል አታስመስይው አሉኝ። ያን ቀን ማታ አንተ ደወልህ። አመሰገንሃቸው፣ መረቅሃቸው፣ እኔም ስመጣ አባቴን እሸከማለሁ ብለህ ቤቱን በሙሉ አስለቀስህ! ያህያ፣ አንጀቴ አረረ። ያመጣሁት ሲሚንቶ እዚያው ግቢ ውስጥ ደረቀ።

ባለፈው ጁምዓ ሳልነግራቸው ቡሬ ሄድሁ። ስደርስ ሰው ከመስጊድ እየተመለሰ ነው። አባባ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ደፉ ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። ከሰላት የተመለሱ መስሎኝ ጸሎትዎን አላህ ይቀበልዎ ስል ተቀበላላህ አልኋቸው። አክስቴ ሐዋ ወደ ጓዳ ጠርተው ነገሩኝ። ምጥ የጠናባት ሴት ከገጠር በቃሬዛ እየመጣች ነው ተብሎ ዘሩና ጓደኞቹ ሊቀበሏት ሄደዋል። አባባም የኢማሙን ስብከት፣ ኹጥባውን፣ ከሩቅ በድምፅ ማጉያ እየሰሙ፣ እዚያው ደፉ ላይ ሰግደዋል። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው አይደለም አሉኝ። አባባ፣ ዘሩ እንዳያዝን ለማንም እንዳትነግሪ ብለው አክስቴን ያስምሏቸዋል።

ወጥቼ ጮህሁባቸው። አባቴ ላይ ጮህሁ፣ አላህ ይማረኝ። ለሰው ሁሉ ደጅ እየሠራሁ የአባቴ ደጅ እስር ቤት ሆነ አልሁ፣ አለቀስሁም። አባባ እስክጨርስ ጠበቁኝና ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ። ልጄ፣ መወጣጫውን ብትሠሪው እወጣለሁ፣ መውጣቱማ አይጠፋኝም። ግን ዘሩ እኔን ሊወስድ ሲመጣ ቀድሞ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ የከተማውን ወሬ ይነግረኛል፣ ስንመለስም ይቀመጣል። ሁለቱም ልጆቼ ሩቅ ናችሁ። መወጣጫው ካለ ማን ይመጣል?

ያህያ፣ ይህንን የሚመልስ መመሪያ አዲስ አበቦቹ አልላኩልኝም። ቀጥሎ ራሳቸው አባባ፣ ስፋቱ ምን ያህል ነው? አሉኝ። አንድ ዊልቸር ያሳልፋል አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ከጎኔ ሆኖ እያወራኝ የሚሄድበት ካልሆነ አልፈልግም አሉ።

በማግሥቱ ዘሩን ፈልጌ፣ አባባ መወጣጫ ይሠራልኝ ብለዋል፣ ግን እናንተ ካልሠራችሁት አይሆንም፣ ሲወጡም ከጎናቸው የሚሄድ ሰው ይፈልጋሉ አልሁት። ስለ ጁምዓው ምንም አልተነፈስሁም። መጀመሪያ አኮረፈ፣ ቀጥሎ ከጎን መሄዱ የማን ተራ እንደሚሆን ጠየቀኝ። ይኸው ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ድንጋይ የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ንድፉን አይቶ ደወለ፤ ደንበኛው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ስፋት ለምን አስፈለገ አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁባቸው። ስሙንም ከፈለጉ ይውሰዱት።

አንተን የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ስትደውል ስለ መሸከም አታንሳ። ዘሩን ስለ ግንቡ ጠይቀው።

ራጂያን ሰላም ብላሻለች በልልኝ፤ ሰዓድን ጉንጩን ስምልኝ። ኢርፋን ሰላም ብሎሃል። አክስቴ ሐዋ ዱዓ ያደርጉልሃል፤ ጋቢያቸውን ከዊልቸሩ ላይ አንሥተው አጥበውታል። ዘሩም ሰላም በይልኝ ብሏል። አባባ ደግሞ ይህን ጻፊለት አሉኝ፦ ያህያ ሲመጣ አይሸከመኝም፤ ወገቡንም ያመዋል። በግራ ጎኔ በኩል ይሂድ፤ እስኪመጣ ቦታውን ዘሩ ይይዝለታል።

እህትህ ሁስና
ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.