ሰሌዳው ላይ የሌሉት መሥራች

እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል፣ በወለደች ጊዜ ወይዘሮ ውድነሽ ያላረሷት፣ የሌሊት ሺፍት ስትገባ ልጇን ያልያዙላት እናት ማናት? ካለች እጇን ታውጣ።

ወይዘሮ ውድነሽ አድማሱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 ከአባታቸው ከአቶ አድማሱ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩነሽ በቀለ በአሰላ ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል አንደኛ እየወጡ ተማሩ። እናታቸው አልጋ ሲይዙ ከትምህርት ቤት የቀሩት እሳቸው ናቸው፤ ታላቅ ወንድማቸውን ማንም ይቅሩ አላላቸውም።

በ1979 ከአቶ ገረመው ተሰማ ጋር ትዳር መሥርተው ፀሎትንና ማትያስን ወለዱ። በ1991 ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ገብተው ፓይንሪጅ ሰፈር ተቀመጡ። አቶ ገረመው ሰሜን፣ የነዳጅ ማውጫ ካምፕ ሦስት ሳምንት ሠርተው አንድ ሳምንት ቤት ይመጡ ነበር። ልጆቹን ያሳደጉት፣ አማታቸውን ዘጠኝ ዓመት ያስታመሙት ወይዘሮ ውድነሽ ናቸው።

ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1995 የተጀመረችው በእሳቸው ቤዝመንት ነው። ወንበር ደርድረው፣ የሌላ ሰው ልጆች ጠብቀው፣ ሠላሳ ሰው አብልተው፣ ምንጣፉን ያጸዱ እሳቸው ነበሩ። በሃያኛው ዓመት በዓል የተሰቀለው ሰሌዳ ግን ዘጠኝ ወንዶችን «መሥራቾች» ይላል። «ቤታቸውን ለጌታ የከፈቱ» የተባሉት አቶ ገረመው ናቸው። አቶ ገረመው ራሳቸው አፍረው «ኧረ እኔ ካምፕ ነበርኩ!» ቢሉ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ወይዘሮ ውድነሽ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ወንድም መንገሻ፣ የእኔ ስምስ?» ብለው ጠየቁ። የሽማግሌዎች ሰብሳቢው አቶ መንገሻ፣ «እትዬ፣ እርስዎማ እናታችን አይደሉ እንዴ! እናት ደግሞ ሰሌዳ ምን ያደርግላታል?» ብለው አቀፏቸው። ደግመው አልጠየቁም።

ቤተሰቡም ንጹሕ አይደለም። ባለፈው ክረምት ወገባቸውን ሲያማቸው፣ ሐኪሙ ምን ሥራ ይሠሩ እንደነበር ጠየቀ። ስታስተረጉም የነበረችው ልጃቸው፣ የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ፀሎት፣ እናቷን እንኳ ሳትጠይቅ «ሠርተው አያውቁም» ብላ በእንግሊዝኛ መለሰች። መኪና ውስጥ ወይዘሮ ውድነሽ በመስኮት እያዩ፣ «ይቺን ያህል እንግሊዝኛማ እሰማለሁ፣ ልጄ» አሏት። ፀሎት ዛሬ ነገ ስትል ይቅርታ ሳትጠይቃቸው ቀረች።

ሕመሙ የቆሽት ካንሰር ሆኖ፣ ወይዘሮ ውድነሽ ኦክቶበር 9 ቀን 2025 በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው በኀዘን ላይ ናቸው። የደከመ ወገባቸውን ጌታ በእቅፉ ያሳርፍልን።

በፕሮግራሙ መሠረት ከዚህ ቀጥሎ ለማጽናናት የሚነሡት አቶ መንገሻ ናቸው። አቶ መንገሻ፣ እኛን ከማጽናናትዎ በፊት፣ በዚህ ማይክሮፎን፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይመልሱልን፦ ስማቸውን ከመሥራቾቹ ያስቀራችሁት ለምንድን ነው?