ሦስት ሕፃናትን ሳይነጣጥሉ ያሳደጉት የአናጢው የአባ ለካ የሕይወት ታሪክ

ወዳጅ ዘመዶች፣ ቆማችሁ የምትሰሙ ጥላ ያዙ፤ ወንበር ያገኛችሁ ወጣቶችም ለአረጋውያን ልቀቁ። የወንድማችን ታሪክ እንደ እጃቸው ሥራ ነውና ተቻኩሎ አይነገርም።

አናጢው ወንድማችን በ1941 ዓ.ም. ከድንጋይ ጠራቢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር፣ በባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ከላያቸው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታላቅ እህታቸው፣ ከበታቻቸው ደግሞ ቤቱ ሁሉ የሚሳሳላት ታናሽ እህታቸው ነበረች። በልጅነታቸው ዝምተኛ ነበሩ። እናታቸው «ይህ ልጅ ቃል ባወጣ ቁጥር ጥርሱ የሚወልቅ ይመስለዋል» ይሏቸው ነበር። ታናሽ እህታቸውን በጀርባቸው አዝለው መንደሩን ሲያዞሩ ግን ያለ ማቋረጥ ያወሯት እንደ ነበር ጎረቤት ይመሰክራል።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ። በንባብ ሰዓት መምህሩ ሲያስነሷቸው ግን ተነሥተው ቆመው፣ ደወል እስኪደወል ዝም ይሉ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ትምህርቱን ትተው አንድ አናጢ ዘንድ ሙያ ለመማር ገቡ። ሙያውን የሚያስተምሯቸው አናጢ በመጀመሪያው ቀን «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» አሏቸው። ሌላው ሰው ይህን እንደ ተረትና ምሳሌ ሰምቶ ያልፈዋል፤ እሳቸው ግን ቃል በቃል ያዙት። ለአንዲት በርጩማ ሜትራቸውን አሥር ጊዜ ሲዘረጉ ያያቸው አንድ ደንበኛ ትዕግሥቱ አልቆ «ኧረ ወዳጄ፣ ልቀመጥባት እንጂ ላገባት አይደለም!» ብሏቸዋል። «አባ ለካ» የሚለው ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጣላቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አብሯቸው ኖረ። በ1963 ዓ.ም. የራሳቸውን ወርክሾፕ ከመኖሪያቸው አንድ መንገድ አልፎ ከፈቱ። የሠሩት በር አይንጋደድም፣ የሠሩት ወንበር አይንቀጠቀጥም። እስከ ሠላሳ ዓመታቸው ድረስ አላገቡም ነበር፤ ለምን ሲባሉ «ገና እየለካሁ ነው» ይላሉ።

በ1971 ዓ.ም. ቤተሰባችን ላይ መከራ ወደቀ። ታናሽ እህታችንና ባለቤቷ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ተገልብጦ ሁለቱም በአንድ ቀን አረፉ። ሦስት ልጆች ቀሩ። ትልቋ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። መሐለኛው የአራት ዓመት ነበር፤ ጥያቄ ስለማያልቅበት ሁላችንም «አቶ ለምን» እንለዋለን። ትንሿ ገና ዓመት ከመንፈቋ ነበረች።

ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ልጆቹን ተከፋፈለ። ክፉ ያሰበ አልነበረም፤ ሁሉም ሸክሙን ለመጋራት ነው። ትልቋ ለታላቅ እህታቸው፣ አቶ ለምን ለአባቱ ወንድም ለሾፌሩ፣ ትንሿ ደግሞ ሌላ ከተማ ለምትኖር ልጅ ላልወለደች ዘመድ ተመደቡ። ነገሩ አልቆ ሰው ሊነሣ ሲል፣ በሩ አጠገብ የተቀመጡት አናጢ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጆቹ አይለያዩም። እኔ ጋ ይሁኑ» አሉ።

ቤቱ በሐዘን መሐል ሳቀ። ሾፌሩ «አንተ? አንተ እኮ ሻይ ልታፈላ ማንቆርቆሪያ የምታሳርር ሰው ነህ!» አላቸው። ታላቅ እህታቸውም «ወንድሜ፣ ልጅ ወንበር አይደለም፤ አንዴ ሠርተህ አታስቀምጠውም» አለች። እሳቸው «አውቃለሁ፣ እትዬ» ብቻ አሉ። ከበሩ ፊት ግን ንቅንቅ አላሉም፤ ሰው መውጫ አጣ። በመጨረሻ ለመገላገል ያህል፣ ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ይሞከር፣ ካልሆነ ግን ልጆቹ በተባለው መሠረት ይከፋፈላሉ ተብሎ ተወሰነ። ስምንት ወር ተሰጣቸው።

እውነቱን መናገር ይሻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት አላማሩም። የቀቀሉት ሩዝ ማንኪያ አቁሞ ያዘ፤ ጎረቤታቸው ጡረተኛዋ ሲስተር ቀምሰው «አባ ለካ፣ ይሄንን ኮላ ለሥራህ አስቀምጠው» አሏቸው። የትልቋን ጠጉር መጎንጎን ስለማያውቁ ወርክሾፕ ውስጥ ገመድ በእንጨት መንከሻው በሞርሳ አስረው ሲለማመዱ ሰነበቱ። ከዚያ ጎነጎኗት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትደርስ ዓይኗ ወደ ጆሮዋ ተስቦ፣ መሳቅም ማልቀስም አቅቷት ተገኘች። የትንሿን ሽንት ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ፋንታ በልብስ መቆንጠጫ ያያይዙት ነበር፤ ስትድኽ ከኋላዋ ቀጭ ቀጭ ይላል። አቶ ለምን ደግሞ አለ። «ጋሼ፣ ለምን ጨረቃ ሜትር የላትም? ለምን ዓሣ አይሰምጥም? እማዬ ለምን አልመጣችም?» የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እየሠሩ ይመልሱለታል። ሦስተኛውን ሲጠይቃቸው መላጊያቸውን አስቀምጠው፣ ከሰጋቱራው ላይ አብረውት ይቀመጡና «እኔም እሷን እየጠበቅኋት ነበር፤ አትመጣም አሉ። እንግዲህ እኔና አንተ እንጠባበቅ» ይሉት ነበር።

ታላቅ እህታቸው በየእሑዱ ብቅ ትላለች። ለመጠየቅ ይባል እንጂ ለመመርመር ነበር። ሸሚዝ ተገልብጦ ተለብሶ ታገኛለች፤ ሳሙናው ድስት ውስጥ፣ ድስቱ አልጋ ሥር ይገኛል። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ትመለሳለች። ሆኖም አንድ ነገር ማስተዋሏ አልቀረም፤ ልጆቹ ቀስ በቀስ መወፈር ጀመሩ። ሲስተርም ምግብ ማብሰሉን ደረጃ በደረጃ አስተማሯቸው፤ እሳቸውም ጨውን ሳይቀር አሥር ጊዜ እየለኩ ተማሩ። ትንሿ አፏን ስትፈታ መጀመሪያ የወጣችው ቃል «ለካ» ነበረች። ሌላ ስም ሰምታ አታውቅማ!

ሦስቱ ልጆች ለየብቻ አይተኙም ነበር። ከተለያዩ ያለቅሳሉ፤ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቃቅፈው ነው የሚያድሩት። አናጢው ይህን አይተው አንድ ትልቅ አልጋ ሊሠሩላቸው ቆረጡ። ትንሿ ከእግራቸው ሥር ስለማትለይ ጣውላውን ከወርክሾፑ ወደ ቤት አምጥተው፣ እዚያው መኝታ ክፍሉ ውስጥ ሠሩት። ሚስማር አልነካውም፤ ሁሉም በመጋጠሚያና በኮላ ነው። ርዝመቱን አሥር ጊዜ፣ ስፋቱን አሥር ጊዜ፣ የልጆቹን ቁመት ተኝተውም ቆመውም ለኩ። ለሦስቱ መተኛ፣ ለአንድ ትልቅ ሰው ደግሞ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ተረት ማውሪያ ቦታ አበጁለት። ሲያልቅ ሰፈሩ መጥቶ አደነቀ።

ትምህርት ተዘጋ። ቀጠሮው ደረሰ። ሾፌሩ ፒክአፕ መኪናውን ይዞ መጣ፤ ታላቅ እህታቸውም የትልቋን ልብስ መያዣ ሻንጣ ይዛ መጣች። ዘመድ ቤቱን ተመለከተ፤ ሸሚዙ አሁንም ተገልብጧል፤ የሰው ነገር ሆነና ፍርዱ እንደ በፊቱ ጸና። «አንተ የቻልከውን አድርገሃል፣ እናመሰግንሃለን» ተባሉ። እሳቸው አልተከራከሩም። የልጆቹን ልብስ አጣጥፈው ሦስት ቦታ አስቀመጡ። ታላቅ እህታቸው፣ ልጅቷ የለመደችው አልጋ ነው፣ ቢያንስ እሱ አብሯት ይሂድ አለች።

ሾፌሩና ሁለት ጎረቤቶች አልጋውን አነሡት። በበሩ አልወጣ አለ። በጎኑ አቆሙት፤ አልወጣም። እግሩን አስቀድመው ሞከሩ፤ አልወጣም። አዙረው፣ አጋድመው፣ ተሳድበው ሞከሩት። አሥር ጊዜ የሚለኩት ሰው በሩን አንድ ጊዜ እንኳ አልለኩትም ነበር! ሲስተር በሳቅ ግድግዳ ይዘው «አባ ለካ ሳይለካ!» አሉ። የአናጢው ፊት በርበሬ መሰለ፤ በሙያቸው እንዲህ ተዋርደው አያውቁም። አቶ ለምንም ከአልጋው ጎን ቆሞ «ለምንድን ነው የሚወጣው?» ብሎ ጠየቀ።

ሾፌሩ ላቡን እየጠረገ «በቃ ቁረጠው፣ እዚያ ስንደርስ ትገጥመዋለህ» አላቸው። እሳቸውም መጋዛቸውን አመጡ። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ሦስቱም አልጋው ላይ ወጥተው ተደርድረዋል። አናጢው መጋዙን ጣውላው ላይ አሳረፉት። ከዚያ ሳይገፉት ቀና አሉና፣ የዚህ ታሪክ ጸሐፊ እስክትሞት የማትረሳውን ተናገሩ።

«ጣውላውን እቆርጠዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። እነዚህን ግን በየት በኩል እንደምቆርጣቸው እናንተ አመልክቱኝ» አሉ።

ዘመድ ሁሉ መሬት መሬት አየ። ታላቅ እህታቸው ሻንጣውን አስቀመጠችና አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ያቺ ለትልቅ ሰው የተተወችው ቦታ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ትልቋ ልጅ አገጯን ይዛ «እትዬ፣ አንቺም እዚህ ትተኛለሽ?» አለቻት። ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ። ሾፌሩ ባዶውን መኪና ይዞ ሊመለስ ሲል «ቢያንስ ለዚህ ሰው ሸሚዝ አቅንቶ ማልበስን አስተምሩት» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ እንጨት በነጻ የሚያመላልስላቸው እሱ ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት አባ ለካ ለትልቋ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሠሩላት። ከእንጨት ነው። በማጠፊያ የሚከፈት፣ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ ቦርሳ። ልጅቷ ወደ አንድ ጎን እያዘነበለች መሄድ ስለጀመረች የክፍል አስተማሪዋ ቤት ድረስ መጥተው «የዚህች ልጅ አባት ማን ናቸው? ልጅቷን መሳቢያ አሸክመዋታል!» አሉ። አባ ለካ «አባት» ሲባሉ የመጀመሪያቸው ነበርና ሜትራቸውን አውጥተው ቦርሳውን እንደ አዲስ መለካት ጀመሩ። አስተማሪዋ ስለ ቦርሳው ሊነጋገሩ ሌላ ቀንም መጡ። ቦርሳው ከተለወጠ በኋላም መምጣታቸው አልቆመም። በ1974 ዓ.ም. ተጋቡ፤ አርባ ሁለት ዓመት በፍቅር ኖሩ። እሳቸው ሲለኩ መምህርቷ ይቆርጣሉ ይባል ነበር፤ የቤቱ ነገር በሁለቱ ቀና።

በ1976 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለዱ። ሕፃኑ ቤት ሲገባ አቶ ለምን ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ብዙ ጊዜ አይቶ አይቶ «ይሄንንስ ማን ይወስደዋል?» አለ። መምህርቷ ፊታቸውን አዞሩ። አባ ለካ ግን ሕፃኑን በልጁ እጅ ላይ አስቀመጡና «አንተ ያዘው። ማንም አይወስደውም። አንተንም ማንም አይወስድህም» አሉት። ልጁ ከዚያ ወዲህ ያንን ጥያቄ አልደገመም፤ ሌላውን ግን አልተወም።

ልጆቹ በአንድ ገበታ ተጣልተው፣ በአንድ ገበታ ታርቀው አደጉ። ትልቋ አዋላጅ ሆና ስንቱን ሕፃን ተቀበለች። አቶ ለምን ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ለምን እንደ ቆመ ሲጠይቅ ይከፈለዋል። ትንሿ ከሰጋቱራው ሳትወጣ አድጋ የአባቷን ወርክሾፕ ተረክባለች፤ ሥራዋን ያየ የእሳቸው ነው ይላል፤ በሩንም እንደምትለካ እናረጋግጣለን። የመጨረሻው ልጃቸው እንደ እናቱ መምህር ነው። አባ ለካ በእርጅናቸው የልጅ ልጆቻቸውን ጠጉር ይጎነጉኑ ነበር፤ ዓይን ሳይስቡ።

በ2015 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም ጠናባቸው። ሆስፒታል ሲተኙ ነርሷ «አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ነው» ብትል አራቱም በአንድ አፍ «እኔ ነኝ» አሉ። አባ ለካ የኦክስጅኑን ጭምብል ከፍ አድርገው «ልጄ፣ አትድከሚ፤ እነዚህን ቤተ ዘመድ ተሰብስቦም መለያየት አልቻለም» አሏት። ነርሷ ስቃ አራት ወንበር አስመጣች። በሐኪሞች ሲረዱ ቆይተው ሐሙስ መጋቢት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸውና አራቱ ልጆቻቸው በተገኙበት፣ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ታላቅ እህታቸው «የእህት ልጆች ብዬ ለይቼ ልጻፍ ወይ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ትንሿ «እትዬ፣ ደግሞ ዛሬ ልትከፋፍይን ነው?» አለቻት። ስለዚህ እንዲህ ተጽፏል፦ አባ ለካ ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውንና ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለያችኋቸው፣ ዛሬም ከሩቅም ከቅርብም ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ለልጆቹ፦ እናንተ አብራችሁ መቆማችሁ መጽናኛችን ነውና ፈጣሪ ያጽናችሁ። ለወንድማችን ነፍስ ደግሞ ዕረፍትን ይስጥልን። ታናሽ እህታችን ገና ሲደርሱ «ልጆቼስ?» ብላ ትጠይቃቸዋለች። ያ ዝምተኛ ወንድማችን አፋቸውን ሞልተው «አብረው ናቸው» ብለው ሲመልሱላት የሚሰማቸውን ደስታ ፈጣሪ ያብዛላቸው። አሜን።