የቀኛዝማች ዓሦችና የሞላ ወናፍ

መጋቢት 11 ቀን 1962

ከትምህርት ቤት መጣሁ። ሒሳብ ሰባት ከአሥር። ይሁን...

አጎቴ ቀኛዝማች ታፈረ ነገ ደብረ ታቦር ይሄዳሉ። ዓሦቹን ለእኔ አደራ አሉ። ከአስመራ ያስመጧቸው አሥራ አንድ ቀይ ዓሦች ናቸው፣ ሳሎን በመስታወት ሣጥን የሚኖሩ። በንፋስ መውጫ እንደነሱ ተቀማጥሎ የሚኖር የለም። ጓሮ ያለው ሞተር ሌት ተቀን የሚያጓራው ለእኛ መብራት አይደለም፤ ትንሽ ፓምፕ እያንቀሳቀሰ ለዓሦቹ አየር ሊነፋ ነው። እኛማ ትምህርታችንን በኩራዝ እናጥና።

«አንዷ ብትሞት ወገዳ አባትሽ ዘንድ ትመለሻለሽ» አሉኝ ጋሼ።

ወገዳ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። አባቴ ቃል የገባለት ባለ ርስት ሰውዬ አለ። ጥርሱ ቢቆጠር ከእኔ ዕድሜ ያንሳል። እኔ አሥራ አምስት ነኝ።

መጋቢት 14

ሞተሩ ሦስት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። የሚያውቅበት ሾፌሩ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከጋሼ ጋር ሄዷል። ምን ይሻለኛል?

ትምህርት ቤት ቀረሁ። ዓሦቹ አየር አጥሯቸው ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የቤቱ የንስሐ አባት አባ ገብረ ሕይወት ጎንበስ ብለው አዩአቸውና፣ «እግዚኦ እያሉ ነው። ጾሙን ፍጥረት ሁሉ ያውቀዋል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው... «ምናልባት ቢሞቱ ግን እንዳትጥሏቸው። ዓሣን በጾም የሚፈቅዱ አባቶች አሉ።»

ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሳለሁ። አረፋው ሲነሣ ነፍስ ይዘራሉ። ሳቆም ደግሞ እግዚኦታው ይቀጥላል።

መጋቢት 15

ክንዴ የእኔ አልመስል አለኝ። ከምሳ በኋላ ትንሽ አሸለበኝ። ስነቃ የመስታወት ሣጥኑ ከእግር እስከ ራሱ በጋቢ ተጠቅልሏል። በድርብ! የአጎቴ ሚስት እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ አጠገቡ ተቀምጠው ይጸልያሉ።

«ዓይን ነው ያገኛቸው» አሉ። «ሰው ካላያቸው ይድናሉ።»

ገለጥኩት። ሁለቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገዋል። ድመቷ ወሰደቻቸው፣ አባቶችን ሳትጠይቅ።

ዘጠኝ። ጋሼ «አንዷ» ነው ያሉት... አለቀልኝ ማለት ነው? የቀሩትንስ እንዴት ልተዋቸው?

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የቀጥቃጩ የሞላ ወናፍ! እሳት የሚያነድ ነፋስ ዓሣ ማስተንፈስ ያቅተዋል?

እትዬ አማተቡ። «ቡዳ ሳሎኔ አይገባም። በዓይኑ ይበላቸዋል።» ማጭዳቸውን የሠራው ማን ሆነና።

መጋቢት 16

ጠዋት አባ ሲመጡ እትዬ ፊት ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ሞላ የንስሐ ልጅዎ ነው?»

«ነው።»

«ይጾማል?»

«ከብዙው ሰው አብልጦ።»

«እንግዲህ ዓሣ የፍስክ ከሆነ በአፉም በዓይኑም አይበላም። የጾም ከሆነ ግን እትዬ እውነታቸውን ነው፤ አናስገባውም፤ ዓሦቹም ይሙቱ። ፍርዱ የእርስዎ ነው። ለጋሼም የአባ ቃል ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

አባ ዘጠኙን ዓሦች ተራ በተራ አዩአቸው። እንደዚያ ያዘነ ቄስ አይቼ አላውቅም።

«የፍስክ ነው» አሉ።

ሞላ ወናፉን ተሸክሞ መጣ። የወናፉ አፍ ላይ የፓምፑን ቀጭን ቱቦ ገጥመን በሰም አሸግነው። ፊሽሽ... አረፋ! ዓሦቹ ወደ ታች ወረዱ። እትዬ በር ላይ ቆመው የሚያዩት ዓሦቹን ሳይሆን የሞላን ዓይን ነው።

«እመቤቴ» አላቸው ሞላ ቀና ሳይል፣ «ዓይኔ የሚሉትን ያህል ቢሠራ ኖሮ ዕድሜዬን ከሰል ስነፋ እኖር ነበር?»

እትዬ ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ያልሳቀ ሰው መስለው ወጡ።

መጋቢት 17

ጋሼ ሳይታሰቡ ገቡ። ሞላ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጦ ይነፋል፤ እትዬ በራሳቸው ብርጭቆ ጠላ ይዘውለት ቆመዋል።

ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ። ደገሙ። «ዘጠኝ። ብርቱካን፣ ምን ብዬሽ ነበር?»

ለነገር የማልሰንፈዋ ልጅ አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። እንደ ዓሦቹ።

እትዬ ጠላውን ለሞላ አቀበሉና ዞሩ። «ሁለቱን የገደልኩ እኔ ነኝ። በጋቢ አፍኜ። ወገዳ የሚላክ ካለ በቅሎዬን ያስጭኑልኝ።»

ጋሼ ጣታቸውን ከመስታወቱ አነሡ።

ሾፌሩ ከጓሮ ተመለሰ። ሞተሩ ዕቃ ተሰብሮበታል፤ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። ሞላም ሊሄድ ተነሣ፤ ማረሻ የሚጠብቁ ገበሬዎች አሉበት።

«ማን ይነፋል ታዲያ?» አሉ ጋሼ እኔን እያዩ።

«እሷ ነገ ትምህርት አላት» አሉ እትዬ። «አራት ቀን ቀርታለች።»

ቀኛዝማች ካባቸውን አወለቁ። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። ሞላ እጃቸውን ወናፉ ላይ አደላደለላቸው።

«ቀስ ይበሉ ጌታዬ» አላቸው። «ብረት አይደለም የሚያግሉት።»